አክስቴ ለቀኝ እጇ የሰጠችው ቁጥር

ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ። ለመሆኑ ይጻፋል? ማንም አልሞተም፤ ማንም አልታሰረም። የአንዲት ሴት እጅ ደነዘዘ፣ አንድ ማሽን ለሳምንታት ተንጣጣበት፣ ከዚያ የሆነው ሆነ። በዚያ ላይ ማሽኑ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። መልሱን የማላውቀውን ነገር ጽፎ ማቅረብ ደግሞ ሳያጠኑ ፈተና እንደመግባት ይሆንብኛል። ግን በዚህ ነገር ውስጥ የራሴ ጥፋት አለ። እሱን ለአንድ ሰው በሥርዓቱ ሳልነግር መቅረት ስለከበደኝ እንደምንም ልሞክር።

አሰላ ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት የነርስ ተማሪ ነኝ። ወላጆቼ ሮቤ ትንሽ ሱቅ አላቸው። እኔ የምኖረው ከአባቴ ታላቅ እህት ጋር ነው። በአፋን ኦሮሞ የአባት እህት አዳዳ ስለምትባል ሁላችንም አዳዳ ነው የምንላት። ቤቷ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት በኩል ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። እኔ እስክመጣ ግቢው ውስጥ የቀሩት እሷና ሦስት ላሞች ነበሩ። ሁለቱ ይታለባሉ፤ አንዷ አርጅታ ወተት ካቆመች ሰንብታለች። አዳዳ ጠዋትና ማታ ታልባለች፣ ጎረቤቱ ጆግ ይዞ በር ላይ ይሰለፋል። ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ነው። አሁን ግን ላሞቹ ለእሷ ከገቢም በላይ ናቸው። ከሰው ይልቅ ከእነሱ ጋር ብዙ ታወራለች።

እጇ መደንዘዝ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። አውራ ጣቷን፣ ጠቋሚዋንና የመሀል ጣቷን ይወርራታል፤ ውሃ እንደሚያራግፍ ሰው እጇን ታወናጭፋለች። መጀመሪያ የአሰላ ብርድ ነው አለች። ከዚያ ድካም ነው አለች። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ያለበችው ወተት ከነዕቃው ከእጇ አምልጦ መሬት ላይ ፈሰሰ። እንደወደቀባት ያወቀችው በድምፁ ነው። ጣቶቿ አልነገሯትም።

አባቴ ይህን ሲሰማ በሚኒባስ ከሮቤ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ "እህቴ፣ እነዚህ ላሞች ይሸጡ" አለ።

"እኔን ሽጠኝ" አለችው።

"አንቺንማ ማን ይገዛል፣ እጅሽ አይሠራ!"

ሁለቱም ሳቁ፤ ግን አባቴ የምሩን ነበር። ረጅም ከተጨቃጨቁ በኋላ ተስማሙ። መጀመሪያ ትታከም። እጇ ከዳነ ላሞቹ ይቆያሉ፤ ካልዳነ ክረምት ሳይገባ ይሸጣሉ። ሕክምናውን የምከታተለው እኔ እንድሆን ተወሰነ። "ዶክተር አለችን አይደል?" አለ አባቴ። ገና የደም ግፊት መለካት እየተማርኩ ነበር፤ ሰፈራችን ግን ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። እኔም ደስ ብሎኝ አላረምኩትም።

የሄድነው አንድ ፎቅ ላይ ወዳለ አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ከሌላ ከተማ መጥቶ ሥራ ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። አዳዳን ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን ወደ ውስጥ አጥፋ እንድትቆይ አደረጋት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፊቷ ተኮማተረ።

"ምን ተሰማዎት እናቴ?"

"ጉንዳን።"

ባለሙያው የራሱን አንጓ በጣቱ እያሳየ አስረዳን። እዚህ ጋ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ብዙ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው ያልፉበታል፤ ጅማቶቹ ሲያብጡ ነርቩ ይጨፈለቃል። ሕመሙ ካርፓል ተነል ይባላል። የአዳዳ ግራ እጅም ጀምሮታል፣ ቀኙ ግን ብሷል። ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆመ ማሽን ጠቆመ።

"ሾክ ዌቭ እናደርግልዎታለን። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜ።"

"ሾክ?" አዳዳ ሁለት እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች። "ኮረንቲ ነው?"

"ኮረንቲ አይደለም። ግፊት ነው። ከጫፉ የሚወጣው ምት ቆዳውን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል።"

"ኮረንቲ ከሆነማ እዚህ ምን አደከመኝ፣ የቤቴ ሶኬት በየቀኑ ይይዘኝ የለ!"

ባለሙያው ልጅ ሳቀ። ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ያኔ ብዙም ልብ አላልኩትም። "ለሁሉም ሰው ይሠራል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። በሽታው ገና ካልከፋ ይረዳል ይባላል፤ እሱም ቢሆን ገና የሚከራከሩበት ነው። እኛ ጋ የነርቭ መመርመሪያ የለም። ስለዚህ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን የማውቀው እርስዎ በሚነግሩኝ ነው።"

ከዜሮ እስከ አስር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ዜሮ ምንም ሕመምና መደንዘዝ የለም ማለት ነው፤ አስር የመጨረሻው ነው። በየጠዋቱ አዳዳን እየጠየቅኩ እንድሞላ ነገረኝ። አንጓዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ስትተኛ የምታስረው ድጋፍም ሰጣት። ማለብ ክልክል ነው አለ። "ጎበዝ ተማሪ ትመስያለሽ፣ በአንቺ እተማመናለሁ" አለኝ። እንዲህ ሲሉኝ ምን እንደምሆን የሚያውቅ ያውቃል። ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ደብተር ውስጥ አድርጌ ያዝኩት።

የመጀመሪያው ቀን አንጓዋ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ የማሽኑን እጀታ አስጠጋ። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስላል። አዳዳ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ ትላለች። ቀኙን ጨርሶ ወደ ግራው ሄደ። ሲያበቃ ጄሉን በሶፍት እየጠረገላት፣ "አሁን ከአስር ስንት ነው?" አላት።

"ሰባት" አለች። ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

ቤት ስንደርስ ማለቡ የእኔ ሆነ። የአዳዳ አስተላለብ የአካባቢው ነው፤ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ አጥፎ በጣቱ አንጓ እየተጫኑ መሳብ። ሁለት ላም አልቤ ስነሳ የራሴ እጅ ዝሎ ነበር፤ ለስንት ዓመት እንዴት እንደቻለችው ያን ቀን ገባኝ። ቀይዋ ላም ደግሞ ጭራሽ አልተቀበለችኝም። ጥጃዋ ከጠባት በኋላም ወተቷን ያዘች። በር ላይ ጆጓን ይዛ የምትጠብቅ ጎረቤት ጮክ ብላ ጠየቀችኝ።

"ዶክተር፣ ዛሬ ወተቱ የት ገባ?"

"ላሟ እምቢ አለችኝ።"

"ምን ታድርግ፣ መርፌ ልትወጋኝ ነው ብላ እኮ ነው!"

አዳዳ ከሩቅ ቆማ ላሟን በአፋን ኦሮሞ ስታባብላት ወተቱ መጣ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ነበር የቆመችው፤ ላሟ እንዳታያት የፈራች ትመስል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያው "ስንት?" ሲላት "አምስት" አለች። በሦስተኛው "ሦስት"። ልጁ ፊቱ በራ። በር ላይ የተቀመጠ አንድ ታካሚ ጠርቶ፣ "እኚህን እናት ይጠይቋቸው" አለው። አዳዳም፣ "እጁ የተባረከ ነው" ብላ መሰከረችለት። እኔ በየቀኑ ማታ ለአባቴ እደውላለሁ። "ሦስት ደርሳለች አባ!" "ማሻአላህ! እንግዲያው ላሞቹ ይቆዩ።" ከጀርባዬ አዳዳ ሳህን እያነሳች ትሰማለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ወረቀቱ የሚሞላው እንዲህ ነበር።

"አዳዳ፣ ዛሬ ስንት ልበል?"

መጀመሪያ ፊቴን ታያለች። "ለአንቺ ስንት ይመስልሻል?"

"አራት?"

"በይ፣ አራት በይ።"

አራት እጽፋለሁ። ከትናንቱ ካነሰ ደስ ይለኛል። ከትናንቱ እኩል ከሆነ፣ "ትንሽም አልቀነሰ?" እላታለሁ፤ "ትንሽ ቀንሷል መሰለኝ" ትለኛለች። ይህን ስጽፈው ሁሉም ግልጽ ነው። ያኔ ግን ወላሂ አልታየኝም። ወረቀቱ ላይ ቁጥሮቹ ደረጃ በደረጃ ሲወርዱ ያምሩ ነበር።

ከአራተኛው ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀር ከክፍል ስመለስ አዳዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። የምትለቅመው በግራ እጇ ነበር። ቀኟን ወደ እኔ ስታዞር ጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ላይ ትልቅ ውሃ የቋጠረ ቁስል አየሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጀበናው ነካ አድርጎኝ ነው።"

"ነካ አድርጎሽ እንዲህ ይሆናል? አልተሰማሽም?"

ስንዴውን መልቀሟን ቀጠለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቀኝና ግራ እጆቿን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። በቀኙ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ከግራው ይልቅ ሟሸሽ ብሏል። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጨፈለቀ ጡንቻው እየከሳ እንደሚሄድና ከዚያ በኋላ መመለሱ እንደሚያጠራጥር በዚያው ወር ተምረን ነበር። ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። የፈተና ጥያቄ ይሆናል ብዬ ነበር ያሰመርኩት።

"ታዲያ ሦስት ያልሽው?"

"ልጁ ተንበርክኮ እጄን ይዞ ሲለፋ እያየሁ፣ አልተሻለኝም ልበለው? ፊቱን አላየሽውም?"

"አዳዳ፣ እሱ ማወቅ ያለበት እውነቱን ነው።"

"አንቺስ? ሰባት ስልሽ ፊትሽ ጠቆረ። አራት ስልሽ ቁርስሽን በላሽ።"

ከስንዴው አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለችና፣ "አባትሽም አለ" አለች።

ሦስቱን ቀን ግራ እንደተጋባሁ ከረምኩ። የዋሸችው ለልጁ ብላ ነው? ለእኔ ብላ ነው? ወይስ ላሞቿን ለማዳን? ሦስቱም ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ራሷም ለይታ የምታውቀው አልመሰለኝም። ብናገር ላሞቹ ሊሸጡ ነው፤ ዝም ብል እጇ ሊሄድ ነው። ማንንም ሳላስቀይም የምወጣበት መንገድ ፈለግኩ። ለልጁ ደብዳቤ ልጻፍለት? ለብቻው ልንገረው? ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ዝም ብዬ ከፍ ላድርገው? የመጨረሻውን አድርጌው ነበር። በእርሳስ ስድስት ጻፍኩ፣ ከዚያ አዳዳን የከዳኋት መሰለኝና አጠፋሁት፣ ከዚያ እንደገና ጻፍኩት። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ።

አራተኛው ቀን ልጁ ከወትሮው በላይ ደስ ብሎት ጠበቀን። ጄሉን እያወጣ፣ "የመጨረሻችን ነው እናቴ። ስንት ላይ ደረስን?" አለ።

"አንድ" አለች አዳዳ። "አንድም አይሞላ።"

እስክሪብቶውን አነሳ።

"አይደለም" አልኩ። የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ ነው። "አይደለም። ጣቷን እሳት በልቷት አልተሰማትም። ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ... እኔ ነኝ ስንት ነው፣ አራት ነው እያልኩ..."

አዳዳ በአፋን ኦሮሞ ዝም በይ አለችኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቁስሏን አየ። ዓይኗን እንድትጨፍን ነገራትና በጥጥ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ። በግራ እጇ እያንዳንዷን ንክኪ ተናገረች። በቀኙ አውራ ጣቷንና ጠቋሚዋን ሦስት ጊዜ ነካት፤ እሷ ግን ዓይኗን እንደጨፈነች መነካቷን ትጠብቃለች።

"ጀምር እንጂ ልጄ" አለችው።

ዓይኗን ስትገልጥ ጥጡ ጣቷ ላይ ነበር። አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

"ግራው ተሽሎታል፣ ወላሂ" አለች ቀስ ብላ። "የነገርኩህ የግራውን ነው። ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁህም።"

"አውቃለሁ እናቴ። እኔም ለይቼ አልጠየቅኩም" አለ። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። "አውራ ጣትዎ ሥር ያለውን ባለፈው ሳምንት አይቼው ነበር። ቁጥሩ ደስ ስላለኝ አለፍኩት።"

"ግራውን ያሻለው ማሽኑ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ቢያንስ ይህን እንዲነግረኝ ፈልጌ ነበር።

"ማሽኑ ሊሆን ይችላል። ድጋፉም ሊሆን ይችላል። አለማለባቸውም ሊሆን ይችላል። አላውቅም።"

አንድ ባለሙያ በጋዋኑ እንዲህ አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ላከብረው ይሁን ልናደድበት አላወቅኩም። አሁንም አላውቅም። ያን ቀን ማሽኑ ለቀኝ እጇ አልተነሳም። ለነርቭ ምርመራ አዳማ እንድትሄድ ወረቀት ጻፈልን።

ባጃጅ ውስጥ አዳዳ ቦርሳዋን በመሀላችን አስቀመጠች። ስምንት ቀን አላናገረችኝም። ምግቤ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ልብሴ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ቃል ግን የለም። ሳልብ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ላሟ ወተት ስትይዝብኝ እንደ ድሮው ታባብልልኛለች፣ ከላሟ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር ግን አታወራም። ለአባቴ እውነቱን ደውዬ የነገርኩት በእነዚያ ቀናት ነው። "ያ ሁሉ ቁጥር?" አለኝ። "ስህተት ነበር አባ።" "የማን?" "የእኔ።"

አዳማ የሄድነው በመጋቢት ነው። ሚኒባሱ መንገድ ላይ፣ ቆላው ዴራ ሲቆም ሙቀቱ እንደ እቶን ገባ። አዳዳ ሹፌሩን፣ "ይሄ አየር ለእጅ ሳይሻል አይቀርም" አለችው። ከዚያ ከሹፌሩ ጋር ማውራት ሰልችቷት መሰለኝ ወደ እኔ ዞረችና፣ "ውሃ ይዘሻል?" አለችኝ። ይዤ ነበር። እንዲያ ታረቅን፤ ስለ ነገሩ ግን አልተነጋገርንም።

የምርመራው ውጤት ግልጽ ነበር። ግራው ቀላል፣ ቀኙ ከባድ። ሐኪሙ ማሽንም ሆነ ድጋፍ እየሞከረች ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደሌለባት፣ ቀኙ ቶሎ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ተናገረ። በዚያው ወር ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። እጇ ብቻ ደንዝዞ፣ እሷ ነቅታ፣ ከሐኪሙ ጋር ስለ ላም መኖ እያወራች ነው ያለቀው። ፉርሽካ ሳይሆን ገለባ ብቻ ሲበሉ ወተቱ እንደሚሳሳ ስታስረዳው ነበር።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ አባቴ ስለ ስምምነቱ ሊነጋገር መጣ። ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ተቀመጥን።

"ቃል ቃል ነው" አለ።

"የግራው ድኗል። ያለብኝ የግማሹ ቃል ነው።"

"እህቴ፣ አትቀልጂ። ሐኪሙ ማለብ ቀረ ብሏል።"

"ማለብ ቀረ አለ እንጂ ላም ማየት ቀረ አላለም።" ወደ እኔ እያየች ቀጠለች። "ይቺ ልጅ ደግሞ እየተማረች ስታልብልኝ አትኖርም። እጇንም ማየት አልፈልግም እንደ እጄ ሲሆን። አስቤበታለሁ። አልሸጥም። ደባሬ እሰጣለሁ።"

ደባሬ በእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። ላም ያለው፣ ላም ለሌለው ዘመድ ይሰጣል። ያ ዘመድ ይመግባታል፣ ወተቷን ይጠጣል፤ ላሟ ግን የባለቤቷ እንደሆነች ትኖራለች። ሲሬ የሚኖር የባሏ ወንድም ልጅ አራት ሕፃናት አሉት፣ በቤቱ ግን ወተት የለም። አዳዳ እኔ ሳላውቅ ከእሱ ጋር ተነጋግራ ጨርሳ ነበር። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ተሸነፈ ወይስ አሸነፈ፣ ለራሱም የገባው አይመስለኝም። ያረጀችው ላም ትቀራለች ተባለ፤ ስለማትታለብ ማንንም አትጎዳም።

የአዳዳ ጠቋሚ ጣት አሁን ትኩስና ቀዝቃዛ ይለያል። አውራ ጣቷ ግን ገና ደካማ ነው፤ ቁልፍ ለመቆለፍ በግራው ታግዘዋለች። እውነቱን ከአንድ ወር ቀደም ብዬ ብናገር የበለጠ ይመለስ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኩትም። መልሱን ስለምፈራው ይሁን፣ አላውቅም ይለኛል ብዬ ይሁን፣ እሱንም አላወቅኩም። ለማሽኑም መፍረድ አልቻልኩም። ግራው እጅ ደህና ነው፤ ግራውን ማን እንዳዳነው የሚያውቅ የለም።

ላሞቹ የተወሰዱት በጠዋት ነው። የሲሬው ዘመዳችን አይሱዙ ይዞ መጣ። አዳዳ ጥጃዎቹን ቀድማ አስጫነች፤ እናቶቹ ያኔ ሳይገፉ ይከተላሉ ብላ። ተከተሉም። ቀይዋን እንዴት እንደሚያልባት አውራ ጣቷን አጥፋ እያሳየች ልታስረዳው ጀመረችና መሀል ላይ አቆመች። "እንዲህ አይደለም" አለችው። "በሙሉ እጅህ ያዝ። ጣትህን አትጠፍ።" መኪናው ኮረኮንቹን ጨርሶ አስፋልት እስኪገባ ድረስ በሩ ላይ ቆመን አየን። ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።